የእናት ልብ

በዚያ ዘመን ሰው ለቀዶ ሕክምና ሲደነዝዝ የልቡን ድንጋጤ የሚሸከምለት የሥጋ ዘመዱ ነበር። ለትርሲት እናቷ ወይዘሮ ስንዱ ቀረቡላት።

ማደንዘዣ ሰጪው ግን አመነታ። «ባለካሜራው የጉሮሮ መመልከቻ ተበላሽቷል፤ ያለን የድሮው ብረት ነው። እሱ ምላስን ገፍቶ ሲያነሣ ልብ ይዘላል፣ ግፊት ያሻቅባል። እርስዎ ደግሞ ግፊት አለብዎት፣ እናቴ።»

«ልጄ ትትረፍልኝ እንጂ የኔስ ግድ የለም» አሉት።

የመተንፈሻው ቱቦ በጉሮሮዋ ሲገባ የትርሲት ልብ በዝግታ መምታቱን ቀጠለ። እናቷ ግን ራሳቸውን ይዘው ወደቁ፤ ጭንቅላታቸው ውስጥ ደም ፈሰሰ።

ትርሲት ድና ቤቷ ገባች። አንድ ጠዋት ፀጉራቸውን ስታበጥርላቸው ወይዘሮ ስንዱ በተጣመመ አፋቸው መረቋት። «እጅሽ ይባረክ። የወለደችሽ ታድላ! የማን ልጅ ነሽ?»

«ያንቺ» አለች ትርሲት፣ እንደ ትናንቱ።

እናቷ ለእንግዳ ሰው እንደሚደረገው በትሕትና ፈገግ አሉላት።