አንድ ሰዓት ነው

«አየር ሜዳው ላይ ነኝ» አለ ዋሪዮ በስልክ። «እስካሁን ከፍየል በቀር ያየሁት የለም።»

ጎረቤታቸው ዋሪዮ የፋዱሞን ወንድም ሊቀበል መኪናውን አስነስቶ ከወጣ ሦስት ሰዓት ሊሞላው ነው።

«ዘበኛውን ጠይቀው እስቲ» አለችው ፋዱሞ።

«ጠየቅሁት። ‹ሊዮ ሃኩና ንዴጌ› ይለኛል። ዛሬ አውሮፕላን የሚባል የለም እያለ ይስቅብኛል።»

አባቷ ንጋት ላይ ነው ያረፉት። ታጥበው፣ ተከፍነው፣ ውስጥ ተጋድመዋል። የሰፈራቸው የማንያታ ወንዶች ከአጥሩ ጥላ ጋር እየተሳቡ ቦታ ሲቀይሩ ውለዋል። ሼህ ሰሊም ለሦስተኛ ጊዜ ደጃፉ ላይ ቆሙ።

«ልጄ፣ ቀብሩን ከዙህር ሶላት አሳልፉልኝ አልሽን፣ አሳለፍን። አሁን ደግሞ የዐስር ሶላት ደረሰ። በዚህ ሙቀት ሬሳ አይቆይም።»

«መንገዱ አንድ ሰዓት ብቻ ነው፣ ሼካችን።»

«ጠዋትም አንድ ሰዓት ነበር ያልሽው!» አለ ከኋላቸው አንድ ሽማግሌ። «ልጁ የሚመጣው በግመል ነው እንዴ?»

ፋዱሞ የወንድሟን የመሐዲን መልእክት እንደገና ከፈተችው። «ትኬት አገኘሁ። በረራው አንድ ሰዓት ነው።» ያን ጊዜ እሷም ኢንተርኔት ላይ ፈልጋ ነበር። መሐዲ ካለበት ከናይሮቢ ሞያሌ በአየር ስድስት መቶ ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፤ አንድ ሰዓት ከምናምን ይላል። ልክ ነው ብላ አመነች። ከዚያ ስልኩ ሲዘጋባት፣ ተሳፈረ ማለት ነው ብላ ጭራሽ ልቧ አረፈ።

ደወለች። አሁን ጠራ።

«መሐዲ! የት ደረስክ?»

«የት እደርሳለሁ? ቤት ነኝ። ባትሪዬ አልቆ…»

«በረራው አንድ ሰዓት ነው አላልከኝም?»

«አዎ። ነገ ጠዋት፣ አንድ ሰዓት።»

ስህተቱ ቀድሞ የገባው እሱን ነው።

«ፋዱሞዬ፣ እንዲጠብቁኝ ንገሪልኝ። ነገ ሦስት ሰዓት ሳይሞላ እዚያ ነኝ። ፊቱን ብቻ ልየው። ካየሁት እኮ አራት ዓመት ነው!»

ሼሁ ዓይናቸውን መሬት ላይ ጥለው ጠበቋት። ብትለምናቸው እሺ እንደሚሏት ታውቃለች። የከበዳትም ይኸው ነው። ከውስጥ ሴቶቹ ከአባቷ ላይ ዝንብ ሲያባርሩ ይሰማታል።

«ውሰዱት» አለች።

መሐዲ ሰማ። ግን ስልኩን አልዘጋም።

ቃሬዛው ከሰው ትከሻ ወደ ሰው ትከሻ እየተላለፈ ወጣ። ሴቶቹ እንደ ወጉ ቀሩ። ፋዱሞ በሩ ድረስ ተከተለችና ስልኩን ከራሷ በላይ አንስታ ወደ ወንዶቹ ድምፅ አዞረችው። «ላ ኢላሃ ኢለላህ» የሚለው ድምፅ ቁልቁል ወረደ፣ በመስጊዱ ማዕዘን ታጠፈ። አንድ የጭነት መኪና ዋጠው። መኪናው ሲያልፍ የቀረው የጣሪያ ቆርቆሮ ኳኳታ ብቻ ነበር። ክንዷ ዝሏል።

«ሄዱ» ልትለው ስልኩን ወደ ጆሮዋ መለሰችው።

«መልሰሽ ከፍ አድርጊው» አለ መሐዲ። «ገና ይሰማኛል።»