የሮዲዮን ብርጭቆ

ከጦርነቱ በሕይወት ተርፎ የመጣው አብራሪ ሮዲዮን በሰላሙ ጊዜ ሳይቤሪያ ላይ አውሮፕላኑ ተከስክሶበት ሞተ። ተዝካሩ በአውሮፕላን ማረፊያው ምግብ ቤት ተደገሰ። እንደ አገሩ ወግ የሟቹ ብርጭቆ ተሞልቶ፣ ጥቁር ዳቦ ተከድኖበት ባዶው ወንበር ፊት ተቀመጠ። የቀዳው መካኒኩ ኩዝማ ነው፤ ከቀዳ በኋላ ግን ወደዚያ ወንበር ማየት አልቻለም።

"ዛሬስ እጅህ ተፈታ! ይሄን የመሰለ አልኮል ከየት አመጣኸው?" አለው ሬዲዮኛው ፕሮሆር።

"አፈሩን ገለባ ያድርግለት በልና ጠጣ!" አለ ኩዝማ።

ከየት እንዳመጣው የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። ፕሮፔለሩን በረዶ እንዳይይዘው የሚረጨውን አልኮል ከሮዲዮን አውሮፕላን ቀድቶ፣ በምትኩ ውሃ ሞልቶበት ነበር። ሁሉም መካኒክ የሚያደርገው ነው፤ እስከዚያ ቀን ማንም ሞቶበት አያውቅም። መርማሪዎቹም "የአብራሪው ስህተት" ብለው ሄደዋል።

ሁሉም ጠጡ። አልኮሉ ጉሮሮ ይልጣል። ምድጃው ፍም ስለሆነ ሰዉ ካፖርቱን አውልቋል።

የሮዲዮን ሚስት ሉኬሪያ የተንጋደደውን ዳቦ ልታስተካክል እጇን ዘረጋች። ዳቦው አልነቃነቅ አላት። ሳብ ስታደርገው ብርጭቆው አብሮ ተነሣ።

"ተዪው እህቴ፣ ተዪው" አለ ኩዝማ።

ሉኬሪያ ብርጭቆውን ገለበጠችው። አንዲት ጠብታ አልወረደችም። እስከ አፉ ድረስ በረዶ ሆኗል።

"ከአንድ ጠርሙስ አይደል እንዴ የተቀዳልን?" አለ ፕሮሆር። "ደግሞ አልኮል ይረጋል እንዴ?"

ሉኬሪያ ቀና ብላ ኩዝማን አየችው።

"ለእሱ ምንድን ነው የቀዳህለት?"