የጆሮ ጥጥ

ሴትዮዋ የአልጋ ቁራኛ የሆነውን ባሏን ጆሮ በጥጥ መድፈን ከጀመረች ሰነባብታለች። ጭራቸው እንደ ወረንጦ ሁለት የሆነ ቡናማ ተባዮች ግድግዳው ሥር ታይተው ነበር፤ «ጆሮ ውስጥ ይገባሉ» አለችው። አልተከራከራትም።

ጎረቤታቸው አቶ ሽብሩ አንዱን በወረቀት አንስተው አዩት።

«ይሄ እርጥበት ነው የሚወደው እንጂ ጆሮ አይገባም። መስኮቱ ሥር የበሰበሰውን ጣውላ አንሺ፤ ስንጥቁንም በሲሚንቶ ድፈኚው።»

እንዳሏት አደረገች። ጣውላው ሲነሳ ተባዮቹ ተበታትነው እግሯ ላይ ሲወጡ ሳታራግፋቸው አየቻቸው። ከዚያ ወዲያ ቤት ውስጥ አንድም አልታየም። ጥጡን ግን አላነሳችም።

አንድ ከሰዓት በኋላ ሾርባ ስታጠጣው፣ ባሏ ጥጡን በገዛ እጁ አወጣው።

«ተባዮቹ ጠፉ አይደል?»

«ጠፍተዋል።»

«እንግዲያው ይቅር። ጥጡ እያለም ጋሽ ሽብሩ ግቢ ድንኳን ሲተከል ሰምቻለሁ። የልጃችንን ስም እየጠሩ ሲያለቅሱም ሰምቻለሁ። እስክትነግሪኝ ነው የጠበቅሁት።»

ማንኪያውን አስቀመጠች። ፊቷ አልተለወጠም።

«አፌ እንቢ አለኝ» አለችው።

እሱም እንደምንም ወደ ግድግዳው ጠጋ ብሎ አልጋው ላይ ቦታ ለቀቀላት።