ሐኪሙ ያለው

«ወሬውን ከሆነ የወለደችው እናቱም አታምነውም» አለ ቁልፍ ሠሪው፣ ለመሐላ ያነሣውን እጁን ገና ሳያወርድ። «ቤቴን ግን ከፍቼለት እሄዳለሁ።»

አመልካቹ አንገቱን ደፋ። ሰፈሩ በሬ ወለደ ይለዋል። አንድ ጊዜ የቁም ሣጥን የሚያህል መስታወት ተሸክሞ ሲሄድ ነፋስ አንሥቶት፣ ሦስት ጣራ ተሻግሮ አራተኛው ላይ እንዳረፈ፣ ያውም መስታወቱ ሳይጫር፣ ላገኘው ሰው ሁሉ ይምላል። ዛሬ ግን ፍርድ ቤት የቆመው ለዋዛ አይደለም። መስታወት ቆራጩ ታላቅ ወንድሙ ከሞተ ሁለት ወሩ ነው። ኑዛዜ አልተወም። ሱቁንና ቤቱን ለሚስቱና ለልጆቹ የሚያስተዳድር ሰው መሾም አለበት። በሬ ወለደ ለዚህ የሚበቃ መሆኑን ካላስረዳ፣ መስታወት ከቆርቆሮ የማይለይ ባዳ ይሾማል፤ ሱቁም ያን ቀን አለቀለት።

«ምስክር፣ ውሸታም ነው እያሉኝ ነው ወይስ ታማኝ?» አለች ዳኛዋ።

«ሁለቱንም፣ ክቡር ፍርድ ቤት። ወሬ ሲጨምር እንጂ የሰው ዕቃ ሲቀንስ አላየሁትም።»

ጸሐፊዋ ሳቋን ዋጠች። ነገሩ ያለቀ መሰለ።

ዳኛዋ ወደ ሟች ሚስት ዞረች። «እርስዎስ፣ ተቃውሞ አለዎት?»

«የለኝም። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቀው።» ሴትየዋ ተነሣች። «እዚህ ምለሃል። ባሌን ሐኪም ቤት የወሰድነው ቀን ሐኪሙ ለብቻህ ጠርቶ ምን አለህ?»

በሬ ወለደ ያን ቀን ከሐኪሙ ክፍል እየሳቀ ወጥቶ፣ «ቀላል ነው፤ በሁለት ሳምንት ተነሥቶ ሐኪሙን ራሱን በትግል ይጥለዋል» ብሏት ነበር። እሷም፣ በሕይወቷ አንዴ፣ አመነችው።

«ወር አይሞላውም ነው ያለኝ፣ እትዬ።»

ቁልፍ ሠሪው ዐይኑን ወለሉ ላይ ጣለ።

«ሰኞ ሥራ ይገባል ብዬ» አለች ድምፅዋን ሳታነሣ፣ «ጓሮ ቱታውን ሳጥብ ነው የሞተው። እጄ ሳሙና እንደሆነ ነው ጠርተው የነገሩኝ።»

ወደ በሬ ወለደ አንድ እርምጃ ቀረበች።

«እሱስ? ያውቅ ነበር?»

ያውቅ ነበር። ምናልባት ከሐኪሙም ቀድሞ ያውቅ ነበር። «እያለቀሰች እንዳታስታምመኝ» ብሎት ነበር ወንድሙ፣ ክንዱን ጨብጦ። «ስትስቅ ልያት። ኑዛዜም አልጽፍም፣ ትነቃብኛለች። አንተ እንደ ልማድህ አንድ ነገር ፍጠር። ሱቁንም አደራ።»

ይህን ቢናገር ነጻ ይወጣል፤ ሹመቱም የሱ ነው። እሷ ግን ቤቷ ገብታ እነዚያን ሳምንታት አንድ በአንድ ታነሣቸዋለች፤ ባሏ የሳቀውን ሳቅ ሁሉ እያገላበጠች ትመረምራለች።

«አያውቅም ነበር» አለ። «እሱንም ዋሽቼዋለሁ።»

በዕድሜው እንዲህ አጭር ውሸት ዋሽቶ አያውቅም።

ሴትየዋ ሁለት ወር ሙሉ ይዛው የቆየች የሚመስል ትንፋሽ ለቀቀች። «እንኳን አላወቀ» አለች ለራሷ። «ሳይፈራ ሄደ።»

ከዚያ ወደ ዳኛዋ ቀና አለች። «እቃወማለሁ። ይሄ ሰው አይሁንብኝ፤ ሌላ ይሾም።»

ዳኛዋ በሬ ወለደን የሚጨምረው ነገር እንዳለ ጠየቀችው። የለኝም አለ። መጻፍ ጀመረች።

ክፍሉ ውስጥ ያለው አግዳሚ አንድ ብቻ ነበር። ሴትየዋና በሬ ወለደ እዚያው ተቀመጡ። ጠባብ ነውና ትከሻዋ ትከሻው ላይ ዐረፈ። ፈቀቅ አላለችም፤ እሱም የዳኛዋ ብዕር እስኪያቆም ድረስ አልተነቃነቀም።