ወፍራሙ ማጣሪያ

ደሞዜ ያን ጠዋትም ቢሮው ሲገባ ሽታው ቀድሞት ጠበቀው። ኤጭ! የበሰበሰ ሥጋ በሉት፣ የከረመ ጥንብ በሉት፣ ብቻ አንጀት የሚገለብጥ ነገር ነው። ደብረ ታቦር መሀል ዕድሜውን ሙሉ ለፍቶ ያቆመው የራሱ ባለአራት ፎቅ ሕንፃ እንዲህ ይግማ?

ሽታው ልብሱ ላይ እየተጣበቀ እቤቱ ድረስ ይከተለዋል። ሚስቱ አለምወርቅ እንኳ «ታንኮራፋለህ» ብላ መኝታ ከለየች ሰነበተች።

አየሩን ወደ ቢሮዎቹ የሚገፋው ትልቅ ፋን ያለው በጓሮ በኩል ነው። ጓሮው ላይ ደግሞ የቆዳ ነጋዴው ዩኑስ ከእሱ የተከራየው መጋዘን አለ። ታዲያ ምን ምርመራ ያስፈልገዋል? ቆዳና ሽታ መቼ ተለያይተው ያውቃሉ!

የሕንፃው ቴክኒሻን ሀያት ሁለት የአየር ማጣሪያ ይዛ ገባች።

«ጋሼ፣ ይኸኛውን ይምረጡ» አለችው። «እጥፋቱ ብዙ ስለሆነ አየሩ ሳይጨነቅ ያልፋል። አቧራውን ይይዛል፣ ሞተሩ አይደክምም፣ መብራትም አይበላም።»

«ያኛውስ?»

«ያኛው ወፍራም ነው። አየሩን ያፍነዋል። ሞተሩ ሲታገል ይውላል፣ ቆጣሪውም ይሮጣል።»

ደሞዜ ከፋሲካ ወዲህ በሚነዘንዘው ግራ መንጋጋ ጥርሱ ላይ የነከሰውን ቅርንፉድ አመቻቸና ወደ እሷ ጠጋ አለ። «ይሩጥ! እኔን ያስመረረኝ ግማቱ ነው። አንቺ አይሸትሽም?»

ሀያት ወደ ኋላ ሸሸት ብላ በሻሿ ጫፍ አፍንጫዋን ሸፈነች።

«ይሸታል አይደል?»

«እ... አዎ ጋሼ» አለች፣ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ።

«በቃ፣ ወፍራሙን ግጠሚ!»

ወፍራሙ ተገጠመ። ሞተሩ ዳገት እንደያዘ አይሱዙ ያጓራ ጀመር፤ ሽታው ግን ንቅንቅ አላለም። ደሞዜ ከተከራዮቹ ጋር ተቀምጦ የግማቱን ነገር ባነሳ ቁጥር አጠገቡ ያሉት አፍንጫቸውን ይይዛሉ፣ አንዱም ተነስቶ መስኮት ይከፍታል። የለም ብሎ የተከራከረው አልነበረም። ታላቅ ሰው ሲናገር ማን ያስተባብላል? ዝም አይነቅዝም።

በመጨረሻ ሀያትን አስከትሎ ወደ ጓሮ ወረደ። ዩኑስ ከመጋዘኑ በር ላይ ተነስቶ ተቀበላቸው።

«ጋሼ፣ ወላሂ ቆዳ ካስገባሁ ሰነበትኩ» አለ። «ውስጥ ያለው ለቆዳው የምነሰንሰው ጨው ብቻ ነው። ይግቡና ይዩት።»

«ማየት ምን ያደርግልኛል፣ አፍንጫ እያለኝ!» ደሞዜ ፊቱ ላይ ጮኸበት።

ዩኑስ ፊቱን ዘወር አድርጎ አፍንጫውን በመዳፉ ጋረደ።

«ይኸው! አንተ ራስህ አልቻልከውም! ጥንብህን ይዘህ ውጣልኝ!»

ዩኑስ አንድ ነገር ሊናገር አፉን ከፈተ። ሀያትን አያት። እሷም አየችው። ከዚያ አፉን መልሶ ዘጋ።

«ይቅር» አለ። «ሕንፃው ሳይቆም ጀምሮ ልጆቼን ያሳደግኩበት ቦታ ነበር። እንግዲህ አላህ ያውቃል።»

በሳምንቱ ጨዉን በጋሪ ጭኖ ወጣ። ከተማው ውስጥ ሌላ መጋዘን አላገኘም፤ ቤተሰቡን ይዞ እብናት ዘመዶቹ ጋ ገባ አሉ። ደሞዜ በረንዳ ላይ ቆሞ ጋሪው እስኪታጠፍ ድረስ ተመለከተና ወደ መሬት ምራቁን እንትፍ አለ። ተገላገልኩ! አለ በልቡ።

ቅዳሜ ከጉና ተራራ ማዶ ክርስትና ተጠርቷል። ገላውን ታጥቦ፣ ከሳጥን የወጣ አዲስ ልብስ ለብሶ፣ ብቻውን መኪናውን አስነሳ። ተራራው ላይ ሲደርስ ዳር ይዞ አቆመና ወረደ። ቤት የለ፣ ከብት የለ፣ ቆዳ የለ፤ ሣርና ጉም ብቻ። እሰይ፣ አየር ማለት እንዲህ ነው! ዓይኑን ጨፍኖ ያንን ንጹሕ ብርድ በረጅሙ ሳበው።

ሽታው እዚያም ነበር።