አረንጓዴው ላሜራ

ደንበኛው ከመኪናው ኋላ የብስክሌት መጫኛ ሊያሠራ መጥቶ፣ «ከሥሩ ደግሞ ሰፋ ያለ ላሜራ ግጠምልኝ» አለ።

«ታርጋውን ይሸፍንብሃል እኮ ወንድሜ፤ ትራፊክ አይለቅህም» አለው በያጁ።

«ብስክሌቱ ላይ ጭቃ እንዳይረጭ ነው። የትራፊኩን ነገር ለእኔ ተወው።»

በያጁ ግን ሰውዬው ጋ ብስክሌት የሚባል ነገር አላየም። ቢሆንም ሥራ ከጠፋ ሰንብቷልና ጥያቄውን ዋጥ አድርጎ በየደ። ላሜራውንም ከሰው የአጥር በር የተረፈችውን አረንጓዴ ቀለም ቀባው። በመሀል ልጁ ውባለም ምሳውን ይዛለት መጣች። ብየዳውን ቆሞ ሲቆጣጠር የነበረው ሰውዬ ድንገት ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፤ እስክትሄድም ድረስ አልተመለሰም።

አመሻሹ ላይ በያጁ ተጠርቶ ከነሥራ ልብሱ እየሮጠ ሰፈሩ ደረሰ። ሚስቱ መሬት ላይ ትንከባለላለች። ውባለም ከሱቅ ስትመለስ ሁለት ሰዎች ጎትተው መኪና ውስጥ ከተዋት፣ ይዘዋት በረዋል።

«ታርጋውንስ? አንድ ሰው እንኳ ታርጋውን አልያዘም?» ብሎ ጮኸ።

ባለሱቋ እንባዋን በነጠላዋ ጠረገች።

«እንዴት አድርጌ ልየው ጋሼ! አረንጓዴ ላሜራ ጋርዶት።»