የሮዶራ ተራ

«ናናይ፣ ይቺን መርፌ ቁልፍ በሩ ላይ ያውልቋት» አልኳቸው። «ማግኔቱ ብረት አይምርም።»

እንደ እናት ናናይ የምላቸው ኮንሶላሲዮን ደረታቸው ላይ ጥቁሯን የሐዘን ጨርቅ የያዘችውን መርፌ በመዳፋቸው ሸፈኗት። «አርባ ቀን አልወለቀችም። ዛሬም አትወልቅም። ይልቅ ሩዌል ማለት አንተ ነህ? ኩያ ሩዌል፣ ኩያ ሩዌል እያለች ሁሌ ታነሳህ ነበር።»

እኔ ነኝ። ኩያ እኛ ጋ ታላቅ ወንድም ማለት ነው። እዚህ ፊሊፒንስ፣ ሴቡ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ይህን የምርምር ማግኔት ስጠብቅ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነው፤ ፕሮፌሰሮችን እንኳ ቀበቶ አስፈትቼ ነው የማስገባው። የሟቿን ተማሪያችንን የሮዶራን እናት ግን መጋፋት አቃተኝ። ወለሉ ላይ ከተቀባው፣ ብረት ከማያልፈው ቢጫ መስመር ወዲህ ወንበር ሰጠኋቸውና የልጃቸው ዕቃ ያለበትን ካርቶን አቀበልኳቸው። ነጭ ጋውን፣ ነጠላ ጫማ፣ እጀታው የተሰበረ ኩባያ። ይዘው ይሄዳሉ ብዬ ነበር። ካርቶኑን ጭናቸው ላይ አድርገው ኮምፒዩተሩን ያያሉ።

«እዚያ ላይ የተጻፈው የሮዶራ ስም አይደለም?»

ነው። ከሥሩ የዛሬው ቀን አለ፤ አርብ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት። ሳትሞት በፊት የማሽኑን የአርብ ተራ እስከዚህ ወር መጨረሻ ይዛ ነበር። ከመዝገብ የሚሰርዛት ሰው አልተገኘም፣ እኔም ሰርዟት አላልኩም። አርብ አርብ በሩን ቆልፌ ኮምፒዩተሩ ላይ በስሟ እገባና ባዶ ማሽን ፊት እቀመጣለሁ። ስሟን በጻፍኩ ቁጥር ከኋላዬ ነጠላ ጫማዋ ጠፍ ጠፍ ሲል እሰማለሁ። ዞሬ አላይም፤ እፈራለሁ።

«በተራዋ የምሠራው እኔ ነኝ» አልኳቸው። «ማግኔቱ ውስጥ ያለችው ቱቦ ግን የራሷ ናት። ውስጧ ያለው ከባሕር ቀንድ አውጣ መርዝ ያወጣችው ፔፕታይድ ነው፤ በጣም ትንሽ የፕሮቲን ሰንሰለት በሉት። ማሽኑ ቅርጹን ያሳየናል።»

«ያቺ የምትናደፈዋ ቀንድ አውጣ?» ናናይ ራሳቸውን ነቀነቁ። «አትንኪ እያልኩ ነው ያሳደግኳት።»

ቱቦዋን ለመክተት እስከ ዛሬ ድፍረት አላገኘሁም ነበር። ስክሪኑ ላይ አንድ ጉብታ መታየት በሚገባው ቦታ ሁለት ጉብታ አለ። ሮዶራ አንዱ ሰንሰለት ሁለት መልክ እየያዘ ነው ትል ነበር። እኔ ደግሞ እድፍ ነው አልኩ። መለያው ማሞቅ ነው፤ እድፍ ከሆነ የቱንም ያህል ቢሞቅ ሁለቱ ጉብታዎች እንደተለያዩ ይቀራሉ። እውነቷን ከሆነ ግን ሰንሰለቱ ሲሞቅ ከአንዱ መልክ ወደ ሌላው እየፈጠነ ይገለባበጣል፣ ማሽኑም መለየት አቅቶት አንድ ያደርጋቸዋል። ዲግሪውን እጨምራለሁ፣ እጠብቃለሁ። ሃምሳ ላይ ተቀራረቡ። ስልሳ ላይ ተደጋገፉ።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ ልጄ» አሉ ናናይ። «የምመጣው ለገና ነው ብላኝ ነበር። በዚያ ማዕበል ደሴታችን ድረስ ምን አስመጣት? ጀልባ በማይወጣበት ሰሞን!»

ሰባ ዲግሪ ላይ ሁለቱ ጉብታዎች አንድ ሆኑ።

አላውቅም ብላቸው ያምኑኝ ነበር፤ ካርቶናቸውን ይዘው ይሄዱ ነበር።

«እኔ ነኝ፣ ናናይ። እኔ ነኝ የላክኋት።»

ከካርቶኑ ቀና ብለው አዩኝ።

«ተማሪው ሁሉ በተሰበሰበበት፣ ይሄ ሁለተኛው ጉብታ እድፍ ነው፣ ቱቦ ማጠብ ሳትችዪ ነው ማስተርስ የምትይዢው አልኳት። ሳቁባት። እሷም አብራ ሳቀች። እሺ ኩያ፣ አዲስ ቀንድ አውጣ አመጣና እንደ ገና እሠራዋለሁ አለችኝ። በማግስቱ ተሳፈረች።»

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ለእኔ ቀልድ ነበር፤ ያን ቀን ምሳዬን እንኳ በደንብ በልቻለሁ።

ናናይ ካርቶኑ ውስጥ እጀታው የተሰበረውን ኩባያ ዳሰሱ። የማሽኑ ፓምፕ ይተነፍሳል።

«አርባ ቀን ሙሉ» አሉ፣ «የወሰዳትን ባሕር ነው ስረግም የከረምኩት።»

አንገቴን ደፋሁ።

«ታዲያ እድፍ ነበረው?»

«የለውም። አሁን ነው ያየሁት። ልክ ነበረች።»

«ይሄን ለእኔ ምን ትነግረኛለህ!» ድምፃቸው ተሰበረ። «ዛሬ አርባዋ ነው። ነፍሷ ማታ ትሄዳለች። ከዚያ ወዲያ ብትጮህም አትሰማህም።»

ወደ ስክሪኑ፣ ወደ ስሟ ዞርኩ። ናናይ ካርቶኑን ወንበሩ ላይ አስቀመጡና ቢጫውን መስመር ተሻገሩ። ይቁሙ ማለት ነበረብኝ፤ አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ ለሁሉም ብያለሁ። ለእሳቸው አላልኩም።

ማግኔቱ ጋ ሊደርሱ አንድ እርምጃ ሲቀራቸው ጥቁሯ ጨርቅ ከደረታቸው ተነሳች። መርፌዋ ቀሚሳቸውን እየጎተተች፣ የሮዶራ ቱቦ ወዳለችበት ቀና አለች። በዚህ ጊዜ በእጃቸው አልሸፈኗትም።

«ይኸው» አሉ በቀስታ። «አለች። ንገራት።»

«ሮዶራ» አልኩ። «ቱቦሽ ንጹሕ ነበረች።»

መርፌዋ እንደ ቀናች ቆየች።